ስለ ዛቻና ስለ ተሟጋቾች ጥበቃ፤ ከላሊበላው ጉዞ (2011 ዓ.ም.) ተነሥቶ የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

ከደሴ ተነሥቶ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ውጫሌን እንዳለፈ ሀብሩ ወረዳ ይገባል፤ ውርጌሳንና መርሳን፥ ቀጥሎም ሲሪንቃን ካለፈ በኋላ የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወልድያ ይደርሳል። ከዚያ በድልብ ዳገት ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላስታ ይታጠፋል። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይህ አገር ባልጠበቀው ነገር በዓለም ዜና ላይ ዋለ። ቶቶ ቱርስ የተባለው፥ መቀመጫው በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሆነና የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን በማስጎብኘት የታወቀው ድርጅት፥ በሚቀጥለው ጥቅምት እንግዶቹን ይዞ ላሊበላን ሊያሳይ ማሰቡ ተሰማ። ወዲያው አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ማኅበራት ኅብረት መንግሥት ጉዞውን እንዲያግድ ጠየቀ። በማኅበራዊ መገናኛ ገጾችም የዛቻ ቃል ጎረፈ። የድርጅቱ ባለቤት ዳን ዌር በደረሳቸው ዛቻ መደንገጣቸውን ለዜና ሰዎች ተናገሩ።

የአንድ ማኅበር አባላት በቅዱስ ስፍራቸው ላይ የሚሰማቸውን መናገራቸው መብታቸው ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነቀፍ አይደለም። እኛ የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው። «ይህ አይሁን» የሚለው ተቃውሞ «ብትመጣ እገድልሃለሁ» ወደሚለው ቃል ሲለወጥ፥ ቃሉም በጋዜጣና በስልክ ሲባዛ፥ ሕጉና መንግሥቱ ምን አደረጉ? የቺካጎው ሰው እንኳ አገሩ ሆኖ ዛቻውን ያነባል፤ ኢትዮጵያዊው ተሟጋች ግን ወዴት ይሄዳል?

አስቀድሞ ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የሚጠቀምበት «ግብረ ሰዶም» የሚለው ስም ገና ሲጠራ ፍርዱን ይዞ የሚመጣ ስለሆነ ለጥናት አይመችም። ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ «ዜጋ» ይባባላሉ። የተደበቀ ስም ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ከሁሉ የበለጠ የአደባባይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በዚህ ጽሑፍ «ተሟጋች» የምንለው ስለ እነዚህ ሰዎች መብት የሚናገረውን፥ የሚጽፈውን ወይም የሚያደራጀውን ሰው ነው፤ እርሱ ራሱ ከእነርሱ ወገን ቢሆንም ባይሆንም።

በስዊሱ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቁጥር 600 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት ይቀጣ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግም ይህንኑ በአንቀጽ 629 ደግሞታል፤ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ አንቀጾች ቅጣቱ የሚከብድበትንና በልጆች ላይ የሚፈጸመውን ይመለከታሉ። አንባቢ አንቀጾቹን በጥንቃቄ ቢመለከት የሚቀጣው ድርጊት መሆኑን ያያል። ስለ ሰዎቹ ደኅንነት መናገር፥ ስለ ጤናቸው ማጥናት፥ አይደብደቡ ማለት በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ወንጀል ሆኖ አልተጻፈም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ግን እርሱ ነው። በአደባባይ ንግግር ውስጥ ይህ ልዩነት ፈጽሞ ጠፍቷልና።

እንዴት እንደጠፋ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. ስለ ኤድስ የሚመክረው የአፍሪካ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ ከዋናው ስብሰባ ቀደም ብሎ ስለ ወንዶች ጤና የሚነጋገር ስብሰባ መኖሩ በመሰማቱ የሃይማኖት አባቶች የተቃውሞ መግለጫ ሊሰጡ ጋዜጠኞችን ጠሩ። በዚያን ጊዜ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም መጥተው ከአባቶች ጋር ተነጋገሩና መግለጫው ቀረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ድርጊቱን ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች መካከል ሊያስገባ የነበረ ረቂቅ ተተወ፤ ለሚያዝያ 18 ቀን ተጠርቶ የነበረው ሰላማዊ ሰልፍም ተሰረዘ።

በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መንግሥት ነገሩን በዝምታ አበረደው። ብዙዎች ይህን እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ግማሽ ጥበብ ነው እላለሁ። እሳቱ በዚያ ቀን ጠፋ፤ ነገር ግን አንድም ባለሥልጣን በአደባባይ ወጥቶ «ሕጉ የሚቀጣው ይህን ነው፥ ሰውን መዛት ግን ራሱ ወንጀል ነው» አላለም። ጥናት ያደረጉትም ቢሆኑ ጥቂት ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጌትነት ታደለ በከተማው ስላሉት ሰዎችና ስለ ኤድስ ያሳተሙት ጽሑፍ ነገሩ በእርጋታ ሊመረመር እንደሚችል የሚያሳይ ብርቅ ምሳሌ ነው።

በዝምታው ውስጥ ተሟጋቾቹ አንድ በአንድ ከአገር ወጡ። ዛሬ በስማቸው ወጥተው የሚናገሩት ባሕሩ ሸዋዬና ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ የመሠረቱት «ቤተ ጉራማይሌ» የተባለው ድርጅት ሥራውን የሚሠራው በስደት ነው። ጉራማይሌ የሚለው ቃል የተቀላቀለውን፥ ዝንጉርጉሩን የሚያመለክት የቆየ የአማርኛ ቃል ስለሆነ ስሙ በደንብ የታሰበበት ነው። ይህ ድርጅት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሰጠው መግለጫ ለታሪክ ጸሐፊ ጠቃሚ ሰነድ ነው። በዚያ ወር የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል የተባሉ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን መቆጣጠር መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። በቲክቶክም የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እየተለጠፈ እንዲጠቁና እንዲገደሉ የሚቀሰቅሱ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ተሰራጩ። ቀድሞ ጋዜጣ አንድን ሰው ለማጋለጥ አዘጋጅ፥ ማተሚያ ቤትና አዟሪ ያስፈልገው ነበር፤ አሁን አንድ ጣት ይበቃል።

በሌላ አገር የሆነውን ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በመስከረም 2003 ዓ.ም. በካምፓላ የሚታተም ሮሊንግ ስቶን የተባለ ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ (ከአሜሪካው መጽሔት ጋር ዝምድና የለውም) የሰዎችን ስም፥ ፎቶግራፍና መኖሪያ አትሞ «ስቀሏቸው» የሚል ቃል አወጣ። ዴቪድ ካቶና ሁለት ባልደረቦቹ ዝም አላሉም፤ ጋዜጣውን ከሰሱ። በኡጋንዳም ድርጊቱ በሕግ የተከለከለ ነበር። ይሁን እንጂ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ኪቡካ ሙሶኬ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በሰጡት ውሳኔ፥ ሰው ወንጀለኛ የሚባለው የተከለከለውን ድርጊት ሲፈጽም እንጂ እንዲህ ነው ስለተባለ ብቻ አለመሆኑን ገለጹ። ጋዜጣው የሰዎቹን ክብርና የግል ሕይወት ነክቷል በማለትም ለእያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ እንዲከፈላቸው ፈረዱ። ከላይ ማሰሪያ ያልነውን ልዩነት አንድ አፍሪካዊ ዳኛ በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አጸደቁት ማለት ነው።

ካቶ ግን አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በጥር 18 ቀን በቤቱ ተገደለ። ገዳዩ በ30 ዓመት እስራት ተቀጣ፤ የግድያው ምክንያት ከጋዜጣው ጋር መያያዙ በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም። ስለዚህ ጋዜጣው ገደለው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ፍርዱ ገንዘብና እገዳ እንጂ ጠባቂ እንዳልሰጠው የታወቀ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ለተሟጋች የሚሆን ምን አለ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው ከአካል ጉዳት የመጠበቅ መብት አለው ይላል፤ ማንኛውም ሰው ሲል ለይቶ ያወጣው የለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ዛቻን ይቀጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በኮምፒዩተር አማካይነት ሰውን ወይም ቤተ ሰቡን ማስፈራራትን ለብቻው ወንጀል አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ግን ብሔርን፥ ሃይማኖትን፥ ዘርን፥ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ሲዘረዝር የምንናገርላቸውን ሰዎች አልጠቀሰም።

እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም፤ ችግሩ ያለው በበሩ ላይ ነው። የአንቀጽ 580 ክስ የሚነሣው በተበዳዩ አቤቱታ ነው። የተዛተበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለምን እንደተዛተበት ሲናገር ራሱ ተጠርጣሪ ሊሆን ይችላል። ጠቁሙ የሚል ጥሪ ባወጣ ቢሮ ፊት ማን ደፍሮ አቤት ይላል?

በአገራችን በወሎ ለዛቻ የቆየ መድኃኒት አለ። አበጋሮችና በራያ በኩል የዘወልድ ሽማግሌዎች ደም እስከ ማስታረቅ ይደርሳሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ይሰማል። ሽማግሌው የሚችለው ግን ዛቻውን የተናገረው ሰው በፊቱና በአባቱ ስም ስለሚታወቅ ነው፤ ጠርቶ «አንተ የእገሌ ልጅ፥ እንዲህ ብለሃል ወይ?» ይለዋል። በስልክ የሚዝት ሰው የአባት ስም የለውም፤ መርሳ ይሁን ዋሽንግተን አይታወቅም። ስለዚህ የሽምግልናውን ሥራ የሚተካው ባለስም የሆነ ተቋም ብቻ ነው፤ የቲክቶክ ኩባንያም አማርኛ አንብቦ የሚያነሣ ሰው እንዲመድብ መጠየቅ ከዚሁ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በወልድያና በአካባቢዋ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአዲስ አበባ የተለጠፈው ዛቻ ለብዙው የወልድያ ነዋሪ አልደረሰም ማለት ነው። ይህን እንደ ጥበቃ የሚቆጥር ሰው ካለ፥ በተቋረጠው መስመር የእርዳታ ጥሪም እንደማያልፍ ያስብ።

የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በ2006 ዓ.ም. በሉዋንዳ ባወጣው 275ኛ ውሳኔ መንግሥታት በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት እንዲያስቆሙና ተሟጋቾቻቸው ከመገለልና ከበቀል ነጻ ሆነው የሚሠሩበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ ጠይቋል። ኢትዮጵያ ኮሚሽኑን ያቋቋመውን ቻርተር የተቀበለችው ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብላ ነው።