ለናፍጣ መኪና ተስማሚውን የሞተር ዘይት እንዴት መምረጥ ይቻላል?

የሞተር ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ይከላከላል፤ ሙቀትን ያበርዳል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ብዙ ጥላሸት ስለሚፈጥር፣ ጥላሸቱ እንዳይጋገር አድርጎ የሚይዝ ዘይት ያስፈልገዋል። ዘይቱ ካልተስማማ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ያረጃል።

በዘይቱ ጀሪካን ላይ ሁለት ምልክቶች ይነበባሉ። አንደኛው የውፍረት መለኪያ ነው፤ ለምሳሌ «15ደብልዩ-40» ሲል፣ 15 ዘይቱ በብርድ ጊዜ፣ 40 ደግሞ ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ሁለተኛው «ኤፒአይ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር የሚገኘው ደረጃ ነው፤ እንደ «ሲአይ-4» ያለ በ«ሲ» የሚጀምር ደረጃ ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምር ለቤንዚን ሞተር ነው። ሁለቱንም የያዘ ዘይት ለሁለቱም ያገለግላል።

ምርጫው የሚወሰነው በዋጋ ሳይሆን በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። በጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው መኪና አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ማጣሪያው ይደፈናል።

ዘይት ሲቀየር የዘይት ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። አዲሱ ዘይት ቶሎ ቢጠቁር በናፍጣ ሞተር የተለመደ ስለሆነ፣ የመቀየሪያው ጊዜ የሚለካው በቀለሙ ሳይሆን በተነዳው ኪሎ ሜትርና በቆይታው ነው። አሮጌው ዘይት አፈርንና ውኃን ስለሚበክል በማሳም ሆነ በወንዝ ሊደፋ አይገባም።