ከደጋ ወርዶ ባሕር ለማየት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ለምትመርጡ

ከመካነ ሰላም ጀምሮ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በወግዲ ዐረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ፣ ወይም አሁንም እዚያው ያለ ልጅ ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የዚያ ልጅ ገንዘብ መጀመሪያ ዕዳ ይከፍላል፣ ቀጥሎ ቤት ያቆማል፣ አላህ ካለው እናትና አባትን ለሐጅ ወይም ለዑምራ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንዱ «እስቲ ቤተሰቡን ይዤ አንድ ሳምንት ባሕር ዳር ልረፍ» ማለት ጀምሯል። ደግ ሐሳብ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሆቴሉ ላይ ነው። በስልክ የሚታየው ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ መዋኛ ገንዳ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ከፎቶው ምንም ሊለይ አይችልም። የዓመታት ላብ የከፈለበት ጉዞ ደግሞ እናት ከሙዚቃውና ከመጠጡ ሸሽታ አምስት ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የምትመለስበት እንዲሆን ማንም አይፈልግም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ኮከብ ከመቁጠር በፊት መታየት ያለባቸውን ነገሮች ለማስቀደም ነው።

ከእኛ አገር ቅርብ ከሆኑት ሞቃት የባሕር ዳርቻዎች በመጀመሪያ የሚነሱት ጅቡቲ፣ ሞምባሳና ዛንዚባር ናቸው። ጅቡቲ ቅርብ ነው፤ ግን በእኛ ክረምት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከመካነ ሰላም የወጣ ሽማግሌ ለዚያ አይዘጋጅም። ሞምባሳ ጥሩ ነው፤ ከከተማው በስተደቡብ ያለው የዲያኒ አሸዋ ረጅምና የተመቸ ነው፣ ከተማዋም የቆየ የሙስሊም ከተማ ናት። እኛ ግን ለመጀመሪያ ጉዞ የምንመርጠው ዛንዚባርን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል፣ ጉዞው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከሁሉ በላይ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ በአብዛኛውም እንደ ብዙው የወሎ ሰው ሻፊዒይ ነው። አዛን ለመስማት መጨነቅ የለም። በደሴቲቱ ደቡብ ኪዚምካዚ በሚባለው መንደር ያለው መስጂድ ግድግዳው ላይ በኩፊክ ፊደል የተጻፈው ዓመት 500 ሂጅሪያ ነው።

ባሕሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል

በአማርኛ «ባሕር ዳር» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ጣና ነው። የጣናም ሆነ የሐይቅ ውኃ ጠዋት ካለበት ማታ ይገኛል። የሕንድ ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በዛንዚባር በሙሉና በጎደለ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ዳርቻው ገደላማ ከሆነ ይህ ብዙም አይታይም። ዳርቻው እንደ ሜዳ ዝርግ ከሆነ ግን ውኃው በእግር ብዙ ደቂቃ የሚያስኬድ ርቀት ሸሽቶ አሸዋ፣ ድንጋይና ኩሬ ትቶ ይሄዳል። «ከባሕሩ ፊት ለፊት» ተብሎ የተከራየ ክፍል ለግማሽ ቀን ከጭቃ ፊት ለፊት ይሆናል።

የሆቴሉ ፎቶ ሁልጊዜ የሚነሣው ባሕሩ ሲሞላ ነው። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት ሆቴሉን «ባሕሩ ሲጎድል የተነሣ ፎቶ ላኩልን» በሉት። ደንበኞች ራሳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎችም ፈልጉ።

በዚህ ነገር ሙስሊሙ አንጋፋ ዕውቀት አለው፤ ጨረቃን ይቆጥራል። ባሕሩ እጅግ የሚሞላውና እጅግ የሚሸሸው ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ነው፤ ማለትም በሂጅሪያ ወር መጀመሪያ ቀናትና ከ14 እስከ 17 ባለው ጊዜ። በ7ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ለውጡ ትንሽ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዛሬ ረፋድ ላይ የሞላው ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ጎድሎ ይገኛል። ጉዟችሁን በወሩ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት ብታደርጉት ባሕሩ ብዙ አይርቅባችሁም። ይህን የሚነግራችሁ የጉዞ ወኪል አላየንም።

የትኛው ዳርቻ?

ሰሜኑ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ የሚባሉት አካባቢዎች፣ ባሕሩ ሲጎድልም ሊዋኝበት የሚችል ውኃ አይርቅም። ከአውሮፕላን ማረፊያው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ችግሩ ሰዉና ጭፈራው የሚበዛውም እዚያ መሆኑ ነው። ኬንድዋ በተለይ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ድግስ ይታወቃል። ከእናትና ከአባት ጋር የሚሄድ ሰው ኬንድዋን ይለፈው፤ ኑንግዊ ላይም ከመሐሉ ራቅ ያለ ሆቴል ይፈልግ።

ምሥራቁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ዝርግ ነው። ባሕሩ የሚሸሸው እዚህ ነው። ግን ጃምቢያኒ ጸጥ ያለ መንደር ነው፣ መስጂዱም ቅርብ ነው። ባሕሩ ሲጎድል የመንደሩ ሴቶች ሒጃባቸውን እንደለበሱ ወርደው የባሕር አረም ያለማሉ፤ ይህ ሥራ በዛንዚባር ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኗል። እዚያ ሙሉ ልብስ ለብሳ ውኃ ውስጥ የቆመች ሴት ዓይን የሚስብ ነገር የላትም። መዋኘት የማይችሉ፣ ውኃው ዳር መቀመጥና መራመድ ብቻ የሚሹ ወላጆች ካሉ እኛ ከሰሜኑ ይልቅ ጃምቢያኒን እንመርጣለን። ፓጄ ግን የነፋስ ስፖርት ወጣቶች ሰፈር ነው።

ሦስተኛው አማራጭ የድንጋይ ከተማ፣ ማለትም ስቶን ታውን ነው፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገበው አሮጌ ከተማ። ለመዋኘት አይሆንም። ለሁለት ሌሊት ግን ያስደስታል፤ በየጠባቡ መንገድ መስጂድ አለ፣ ምግብ ቤቱ ርካሽ ነው፣ ጁሙዓም እዚያ ቢሰገድ ያምራል።

ወራቱ

የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ዝናቡ ትንሽ፣ አየሩም ለደጋ ሰው የሚቻል ነው፤ ልጆችም ትምህርት የላቸውም። በዚህ ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ ምሥራቁ ዳርቻ ነፋሻ ይሆናል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው። ሆቴሎች ዋጋ የሚቀንሱት ያኔ ነው፤ ርካሹን ዋጋ አይታችሁ ከመቸኮላችሁ በፊት ወሩን ተመልከቱ። በኅዳር ገደማ አጭር ዝናብ አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ግን በጣም ሞቃት ነው፤ ያን ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ማራገቢያ ብቻ ያለው ክፍል አትያዙ፤ ኤሲ መኖሩን፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ።

ረመዷን ላይ ከሆቴል ውጭ ያሉ ምግብ ቤቶች ቀን ዝግ ናቸው። ለጾመኛ ችግር አይደለም፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ግን ይወቀው።

ሆቴሉን ምን እንጠይቅ?

አገሩ ሙስሊም ነው ማለት ሆቴሉ ሐላል ነው ማለት አይደለም። የብዙዎቹ የባሕር ዳር ሆቴሎች ባለቤቶች የውጭ ሰዎች ናቸው፤ መጠጥ ይሸጣሉ፣ አንዳንዶቹም የአሳማ ሥጋ ያቀርባሉ። የሥጋው አቅራቢ ማን እንደሆነና ማብሰያው የተለየ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ዓሣ ሞልቷል፤ በኮኮናት የተሠራውን የመንደር ዓሣ የሚያህል የለም።

ዋጋ ስታወዳድሩ «ኦል ኢንክሉሲቭ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ። ሁሉን ያካተተ ማለት መጠጡንም ያካተተ ማለት ነው። አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ያንን ሲከፍል ለማይነካው አልኮል እየከፈለ ነው፤ ከገንዘቡም በላይ ባሩ መሐል ላይ የሚሆነው በእንዲህ ዓይነት ሆቴል ነው። ቁርስና እራት ብቻ የያዘውን ዋጋ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በግልጽ አይለጠፍም፤ ሲጠየቅ ግን ይሰጣል።

ለእህቶች ዋናው ጥያቄ ገንዳው ነው። መላ አካል የሚሸፍን የዋና ልብስ ገንዳ ውስጥ የማይፈቅዱ ሆቴሎች አሉ፤ ሄዶ ከማፈር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የጋራ ገንዳ የማይመቻት ሴት አጥር ያለው የግል ገንዳ ያለበት ቤት ትፈልግ። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ሁለት ቤተሰብ ተጋርቶ አንድ ቤት ቢከራይ ከአራት የሆቴል ክፍል የሚረክስበት ጊዜ አለ። አጥሩ ከላይኛው ፎቅ እንደማይታይ በፎቶ አረጋግጡ።

ከዚያ የሚቀረው ጥቃቅኑ ነው። ለሽማግሌ ደረጃ የሌለው የምድር ክፍል፤ መጸዳጃው ውስጥ የመታጠቢያ ቱቦ፤ በየአልጋው አጎበር። ደጋ ያደገ ሰው ከወባ ጋር አልተለማመደም፤ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ የሚታመመውን እናውቃለን። በዛንዚባር ወባ በእጅጉ ቢቀንስም አልጠፋም። ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ።

ቂብላ ግን አያስቸግራችሁም። መካ ከመካነ ሰላምም ሆነ ከዛንዚባር በስተሰሜን ናት፤ ከመካነ ሰላም በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች፣ ከዛንዚባር ቀጥ ያለ ሰሜን ማለት ይቻላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከመግቢያና ከመውጫው ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው ሶላቱን አያሳጥርም፤ በሐነፊይ ደግሞ ገደቡ 15 ቀን ነው። ስንት ሌሊት እንደምትይዙ ስትወስኑ ይህንንም አስቡት።

ውኃው ዳር

አብዛኞቻችን መዋኘት አንችልም። ሆቴሉ የዋና ጠባቂ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ጠባቂ ከሌለ ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ውኃ አይግቡ፣ ትልልቆቹም ከወገብ አይለፉ። ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ርቆ መሄድ ያጓጓል፤ ሲመለስ ግን ከኋላችሁ ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ ቀድሞ ይሞላል። በድንጋዩ መካከል እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ፍጥረት ስላለ የውኃ ጫማ ሳታደርጉ አትርገጡ።

ወረቀትና ገንዘብ

ቪዛውን ከቲኬቱ በፊት ጨርሱ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ እንግዳ የደሴቲቱን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታ ነው፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከሆቴሉ ዋጋ ጋር ደምሩት። በየሌሊቱ በሰው የሚከፈል ግብር ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ጠይቁ።

ከመካነ ሰላም በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ መግባት ይቻላል፤ ግን የመንገዱንና የበረራውን ሁኔታ በሰሞኑ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ትርፍ ያዙ። በዚሁ ምክንያት ሆቴሉን ስትይዙ ጥቂት ረከስ ያለውንና ገንዘቡ የማይመለሰውን ሳይሆን፣ ሊሰረዝ የሚችለውን ውሰዱ።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩም ጭምር። ስዋሂሊ ተናጋሪው ቀኑን የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ነው፤ ሾፌሩ «ሳ ምቢሊ» ካላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። የሆቴሉ ወረቀት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ መግቢያ 14፡00 የሚለው የእኛ ስምንት ሰዓት ነው። ከሾፌሩ ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁት።