ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ አርሜኒያን ማን ጠበቀ?

ፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ጦሯን ወደ ዩክሬን ስታዘምት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሁሉም ዓይን ኪየቭ ላይ ነበር። ጦርነቱ ሞስኮ በጎረቤቶቿ ዘንድ የነበራትን ክብደት ምን እንዳደረገው ማወቅ የፈለገ ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ አርሜኒያ ይመልከት።

አርሜኒያ ትንሽ ሀገር ናት። በምዕራብ ቱርክ፣ በምሥራቅ አዘርባጃን ድንበራቸውን ዘግተውባታል። ስለዚህ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ደኅንነቷን ለሞስኮ አደራ ሰጠች። ጊዩምሪ ከተማ የሩሲያ ጦር ሰፈር አለ። ሩሲያ የምትመራው የጋራ ደኅንነት ስምምነት ድርጅትም አንዱ አባል ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቁ ይቆጠራል ይላል። በ2020 አርመኖች በናጎርኖ ካራባክ ሲሸነፉ ተኩሱን ያስቆመችው ሞስኮ ናት፤ 2,000 ገደማ ሰላም አስከባሪም አሰፈረች። ያኔ የካውካሰስ ቁልፍ እጇ የገባ መስሎ ነበር።

ሴፕቴምበር 2022 የሩሲያ ጦር ከካርኪቭ ግንባር ሲያፈገፍግ፣ በዚያው ሰሞን አዘርባጃን የአርሜኒያን የራሷን ግዛት ደበደበች። አርሜኒያ በውሉ መሠረት ድረሱልኝ አለች። የተላከላት ጦር ሳይሆን ሁኔታውን የሚያጠና ቡድን ነው! ልብ በሉ፣ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ የካዛኪስታን መንግሥት በሕዝብ ቁጣ ሲናጥ ይኸው ድርጅት በቀናት ውስጥ ወታደር ልኮ ነበር።

የጉልበት ማነስ ብቻ አልነበረም። ፑቲንና አሊየቭ የአጋርነት ሰነድ የፈረሙት ወረራው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ማዕቀብ ሲጠብቅባት ደግሞ ሩሲያ መውጫ በር ፈለገች፤ በሩ ያለው በቱርክና በአዘርባጃን በኩል ነው። በእኔ እይታ አርሜኒያን የጎዳት ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ጠባቂዋ ባላንጣዋን ማስቀየም የማይችል ሆነ።

ሴፕቴምበር 2023 አዘርባጃን ካራባክን በአንድ ቀን ውጊያ ጠቀለለች። ሰላም አስከባሪዎቹ እዚያው እያሉ ከ100,000 በላይ አርመኖች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ኒኮል ፓሺንያን ሀገራቸው በድርጅቱ ያላትን ተሳትፎ ማቋረጧን ተናገሩ። ሰላም አስከባሪዎቹም በዚያው ዓመት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ታዲያ ሩሲያ ከአርሜኒያ ወጣች ማለት ነው? ለዚህ አትቸኩሉ። ማዕቀብ ያገዳቸው ዕቃዎች በአርሜኒያ በኩል ማለፍ ሲጀምሩ የሁለቱ ሀገሮች ንግድ በጦርነቱ ዘመን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የአርሜኒያ ጋዝ አብዛኛው የሚመጣው ከሩሲያ ነው። የጊዩምሪው ጦር ሰፈር ውልም የሚያበቃው በ2044 ነው።