የጡት ልጅ፤ ጥንታዊው የወተት ዝምድና

በጎጃም ደጋ፣ በእናርጅ እናውጋ፣ በደብረ ወርቅ ማርያም ደብር ዙሪያ ለኖረው ሕዝብ ዝምድና በአንድ በር ብቻ የሚገባ ነገር አልነበረም፤ በሥጋና በደም ከሚወረደው ትውልድ ቀጥሎ፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀናቸው ከማየ ጥምቀት ሲወጡ የሚታሰረው አበልጅነት ነበረ፤ ከሁለቱም ጋር በመጽሐፍ ሳይሰፍር በልቡና የጸና ሦስተኛ ማሰሪያ ነበረ፤ እርሱም ጡት ነው።

በቀድሞው ዘመን ታላቅ ሰው ተጠግቶ መኖር የሚሻ ሰው፣ የጌታውን ማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት ጠብቶ «የጡት ልጅ» ይሆን ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በሐበሻ ምድር አንድ ሰው የባለሥልጣኑን ጣት ጠብቶ ልጅነቱን ሲናገር፣ አዲሱ አባትም በተቻለው መጠን እንዲረዳው ግዴታ እንደሚገባ መዝግቧል። ወንድ ወተት እንደሌለው የማያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ጋሻና ጦር የነበረው መኰንን እንኳ ሰውን ከራሱ ጋር ሊያስተሳስር በፈለገ ጊዜ ከእናት ምልክት የሚበልጥ አላገኘምና ማሩን በወተቱ ፈንታ አቀረበ። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የበላበትን ቤት የከዳን ሰው «ጡት ነካሽ» ከማለት የከፋ ስድብ ያለን አይመስለኝም።

የዚህ ሥርዓት ምንጩ ግን የአራስ ቤት ነበር። እናቲቱ በወሊድ ስትሞት ወይም ጡቷ ሲነጥፍ፣ አክስት ወይም ጎረቤት የራሷን ልጅ በአንድ ጡቷ፣ የሙት ልጁን በሌላው ይዛ ታሳድግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ልጆችም ይህን ከመጻሕፍት ያውቁት ነበር፤ በኦሪት ዘጸአት ሙሴ ከውኃ በወጣ ጊዜ የፈርዖን ልጅ የምታጠባው ሴት አስጠርታለታለች፤ በኦሪት ዘፍጥረትም የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ስትሞት የተቀበረችበት ዛፍ የልቅሶ ዛፍ ተብሏል።

ሆኖም ልማዳችንን ስናከብር ጉድለቱን ልንሸሽግ አይገባም። በብዙ ቤት፣ ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመነጨውን ቢጫና ወፍራም እንገር «ይጎዳል» ብለው መሬት ላይ ያልቡትና ለሕፃኑ ለጋ ቅቤ ያስልሱት ነበር። ይህ የፈሰሰው ጠብታ ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል እጅግ የከበረ ሀብት ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም 37 ሳምንት ሳይሞላው ለተወለደው ጨቅላ ነው፤ መጥባትና መዋጥ ገና ካልተባበሩለት በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል፤ የእናት ወተት ከዱቄት ወተት ይልቅ አንጀቱን ከሚያበሰብሰው ክፉ በሽታ ይጠብቀዋል።

የእናቱ ወተት በማይገኝበት ጊዜ የሌላይቱ እናት ወተት ቀጥሎ የሚመረጥ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከዚህ ምክር አስቀድሞም በቪየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1909 ከለጋሾች ወተት የሚሰበስብ የመጀመሪያው የወተት ባንክ ተከፍቷል። ዛሬ የምትለግሰው ሴት ደሟ ይመረመራል፤ ወተቷም በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፤ ኤች አይ ቪን የመሰለ ደዌ በወተት ሊተላለፍ የሚችል ነውና፣ የጎረቤት ርኅራኄ ብቻ የማይሰጠውን ጥበቃ ሳይንስ ያክልበታል። በእስልምና ሥርዓት ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች አይጋቡምና፣ የለጋሿን ማንነት መዝግቦ መያዝም ለሙስሊም ወገኖቻችን የሃይማኖት ግዴታ የሚያስከብር ነው።

ስለዚህ ወተት መለገስ ከባዕድ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ የአያቶቹን ቃል የዘነጋ ነው። ጌታና ሎሌ ለምልክት በማር ያደርጉት የነበረውን፣ ዛሬ አንዲት እናት በእውነተኛው ወተት ልታደርገው ትችላለች፤ ፊቱን ሳታየው በሞት አፋፍ የነበረውን ሕፃን ታሳድገዋለች፤ እርሱም ስሟን ባያውቅ እንኳ የጡት ልጇ ነው።