መልእክት ሳይደርስ ሲቀር፦ ከሞባይል ስልክ እስከ ስማርት ሰዓት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ የሚገኘው የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ ቆላማ ምድር ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። የዚህ ምርት ክፍያ ባለፉት ዓመታት ከጥሬ ገንዘብ ወደ ስልክ እየተሻገረ መጥቷል። ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ የሽንኩርት ዋጋ በማሳው ዳር በስልክ ሲከፈል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው ልክ አንድ አዲስ ጭንቀት ተፈጥሯል፤ ገንዘቡ ተልኳል ይባላል፣ የማሳወቂያ መልእክቱ ግን አይመጣም።

ተነቅሎ በጆንያ የተሞላ ሽንኩርት በቆላው ሙቀት ብዙ አይቆይም። የጭነት መኪናው ተጭኖ ለመነሣት ሲዘጋጅ ደላላው «ጋሼ፣ ብሩ ገብቷል፤ መልእክቱን ያዘገየው ኔትወርኩ ነው» ቢል፣ አርሶ አደሩ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። መኪናውን ቢለቅ ገንዘቡ ላይገባ ይችላል፤ ቢያግት ምርቱ ይበላሽበታል፣ ገዥውም ይቀየመዋል። የደላላው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። የመልእክቱ መቅረት ብቻውን ይህንን አይለይም።

የገንዘቡ ወደ ሂሳብ መግባትና የመልእክቱ ወደ ስልክ መድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። ሂሳቡ የሚመዘገበው በባንኩ ወይም በቴሌ ብር ኮምፒዩተር ላይ ነው። መልእክቱ ከዚያ በኋላ ይጻፍና በሌላ መንገድ ይላካል። ስለዚህ ገንዘቡ ገብቶ መልእክቱ ሊቀር ይችላል። በተቃራኒውም የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ማንም ሰው ከራሱ ስልክ ሊልክ ይችላል፤ በገዥው ስልክ ላይ የሚታይ «ተልኳል» የሚል ምስልም እንዲሁ የገንዘብ መግባት ማስረጃ አይደለም።

በመሆኑም ስልኩን ለመጠገን ከመሞከር በፊት ሂሳቡን ማየት ይቀድማል። የቴሌ ብር ተጠቃሚ *127# ደውሎ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል ባንኪንግ ደንበኛም *889# ደውሎ በራሱ የምስጢር ቁጥር ቀሪ ሂሳቡን መመልከት ይችላል። ይህ አሠራር ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተራ የቁልፍ ስልክም ይሠራል። የድሮውን ቀሪ ሂሳብ ከሽያጩ በፊት ማወቅ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው፤ የቀድሞውን የማያውቅ ሰው አዲሱን ቁጥር አይቶ ምን እንደተጨመረ መናገር አይችልም። ስልኩን ለደላላው ወይም ለገዥው አሳልፎ መስጠትና የምስጢር ቁጥርን ጮክ ብሎ መናገር ግን ምንም ያህል ጥድፊያ ቢኖር አይገባም።

መልእክቱ የት ይቀራል?

አጭር የጽሑፍ መልእክት በቀጥታ ከላኪ ወደ ተቀባይ አይሄድም። መጀመሪያ በቴሌኮም ኩባንያው የመልእክት ማዕከል ያርፋል፤ ማዕከሉም የተቀባዩን ስልክ ይፈልጋል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ከሆነ መልእክቱ እዚያው ይጠብቃል፤ ስልኩ ሲመለስ እንደገና ይላካል። መጠበቁ ግን ገደብ አለው፤ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ መልእክቱ ይሰረዛል፣ ተመልሶም አይመጣም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልኩን ለቀናት አጥፍቶ ወደ ከተማ ሲወጣ ብቻ የሚከፍት ሰው አንዳንድ መልእክቶችን ጨርሶ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የይፋት መሬት አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። የሞባይል ሞገድ ተራራን አልፎ ለመታጠፍ አይመቸውም፤ ከተራራው ግርጌ ወይም በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለ ማሳ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል። መቶ እርምጃ ወደ ገላጣ ቦታ ወይም ወደ ጉብታ መውጣት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ መልእክት ካልመጣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ወይም የአውሮፕላን ሁነታን ለጥቂት ሰከንድ ከፍቶ መዝጋት ይጠቅማል፤ ስልኩ በኔትወርኩ ላይ እንደ አዲስ ሲመዘገብ የተጠራቀመ መልእክት ካለ ይለቀቅለታል።

በቁልፍ ስልኮች ላይ የተለመደው ችግር የቦታ መሙላት ነው። አነስተኛ ስልክ የሚይዘው የመልእክት ብዛት የተወሰነ ነው፤ ሲም ካርዱ ራሱ የሚይዘውማ እጅግ ጥቂት ነው። በመስታወቱ ላይ የፖስታ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ቦታ ሞልቷል፣ አዲስ መልእክትም በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። የማስታወቂያና የዕጣ መልእክቶችን ማጥፋት ብቻ ይበቃል። የክፍያ መልእክቶችን ግን አብሮ ማጥፋት አይመከርም፤ ክርክር ሲነሣ የግብይት ቁጥራቸው ይፈለጋል።

ሁለት ሲም የሚይዙ አብዛኞቹ ስልኮች በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩት በአንዱ ሲም ብቻ ነው። በአንደኛው ረጅም ወሬ ተይዞ ሳለ በሁለተኛው የሚመጣ መልእክት ንግግሩ እስኪያልቅ ሊዘገይ ይችላል። ደላላው በአንዱ መስመር እያነጋገረ ባንኩ በሌላው የሚልክ ከሆነ፣ ስልኩን ዘግቶ ጥቂት መጠበቅ ነው።

ባትሪው ፈጽሞ አልቆ የተነሣ አሮጌ ስልክ ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መልሶ የሚያሳይበት ጊዜም አለ። በእንዲህ ያለ ስልክ አዲስ መልእክት ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከዝርዝሩ ግርጌ ሊቀመጥ ይችላል፤ ባለቤቱም አልመጣም ይላል። በዘመናዊ ስልክ ደግሞ የተሳሳተ ቀን የባንክ መተግበሪያዎች ከማዕከላቸው ጋር እንዳይገናኙ ያደርጋል።

የፊደሉ ጉዳይ

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ምክንያት ከግዕዝ ፊደል ጋር ይያያዛል። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። የአማርኛ መልእክት ከ70 ፊደል ካለፈ በየ67 ፊደሉ ተቆራርጦ ይጓዝና በተቀባዩ ስልክ ላይ ይገጣጠማል። ከቁራጮቹ አንዱ በመንገድ ከዘገየ አንዳንድ ስልኮች የቀሩትንም አያሳዩም፤ ሙሉው እስኪደርስ ይይዛሉ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢሆንም፣ ፊደሉ ያልተጫነባቸው ርካሽ ስልኮች ዛሬም አሉ። በእነዚህ ላይ መልእክቱ ባዶ የሣጥን ረድፍ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ የተበላሸ መስሎት ቢያጠፋው አይፈረድበትም፤ ሆኖም ሲም ካርዱ ላይ አስቀምጦ በሌላ ስልክ ቢከፍተው ሊያነበው ይችላል።

በአንድሮይድ ስልኮች ላይ

ዘመናዊ ስልክ ብዙ ጊዜ መልእክቱን ይቀበልና ለባለቤቱ ሳይነግረው ይቀራል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት «አትረብሽ» የሚለው ሁነታ ነው፤ የጨረቃ ወይም የመከልከያ ምልክት ከላይ ከታየ ድምፁ ታግዷል። ቀጥሎ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ የታገዱና የአይፈለጌ መልእክቶች ማኅደር ይታያል፤ የማስታወቂያ መልእክት ሰልችቶት የአጭር ቁጥሮችን መልእክት ያገደ ሰው የባንኩንም አብሮ አግዶ ሊሆን ይችላል።

የመተግበሪያ ማሳወቂያ ከአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚለየው ዳታ ስለሚፈልግ ነው። የሞባይል ዳታ በተዘጋ ወይም በተቋረጠ ጊዜ መተግበሪያው ዝም ይላል፤ አጭር መልእክቱ ግን የጥሪ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ይመጣል። ለገንዘብ ጉዳይ በመተግበሪያው ብቻ መተማመን የማይገባው ለዚህ ነው። ዳታው እያለ ማሳወቂያው ከቀረ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የባትሪ ቆጣቢው ነው። በአካባቢው በብዛት የሚታዩት የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ስልኮች «ፎን ማስተር» ከሚባል መተግበሪያ ጋር ይመጣሉ፤ ይህም ከበስተጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን እየዘጋ ባትሪ ይቆጥባል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለባንኩና ለቴሌ ብር መተግበሪያ የባትሪ ገደቡን ማንሣት፣ ማሳወቂያቸውም መፈቀዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሙቀትንም መርሳት አይገባም። የአይፎን አምራች ኩባንያ ስልኩ እንዲሠራ የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አየር ነው። በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር ወይም በማሳ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ስልክ ከዚህ በላይ ይግላል፤ ሲግልም ኃይሉን ይቀንሳል፣ ኔትወርክ የመያዝ አቅሙም ይዳከማል። ጥላ ሥር አስቀምጦ ማቀዝቀዝ እንጂ ውኃ ውስጥ መንከር መፍትሔ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የባንኩ መልእክት ብቻ የማይመጣ ከሆነ፣ በባንኩ የተመዘገበው የስልክ ቁጥር የቀድሞ ቁጥር መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ይህ በስልክ አይስተካከልም፤ መታወቂያ ይዞ ወደ ቅርንጫፍ መሄድን ይጠይቃል። የሁሉም ላኪዎች መልእክት የሚቀር ከሆነ ግን ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994 ላይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የመልእክት ማዕከሉ ቁጥር ከስልኩ ላይ ተሰርዞ ወይም ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

የ8028 ማስጠንቀቂያዎች

ለአርሶ አደሩ የገንዘብ መልእክት ብቻ አይደለም የሚቀርበት። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ በዛሬ ስሙ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ የተጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር የእርሻ ምክር በድምፅ ከማሰማቱ በተጨማሪ ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች የተባይ፣ የበሽታና የድርቅ ማስጠንቀቂያ ራሱ ሊልክ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተጠቃሚው ሲመዘገብ በሰጠው አካባቢና ሰብል ተመርጦ ይሄዳል።

ብዙ ማስጠንቀቂያ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በልጁ ስልክ የተመዘገበ አባት፣ ቁጥር የለወጠ፣ ወይም ምዝገባውን ሳይጨርስ ስልኩን የዘጋ አርሶ አደር በስልኩ ላይ ምንም ብልሽት ሳይኖር መልእክት አይደርሰውም። መፍትሔው ወደ 8028 በራስ ቁጥር ደውሎ ምዝገባውን እስከ መጨረሻው መፈጸም ነው፤ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ሆኖ ማድረግም ይቻላል።

ጉዳዩ የቀናት ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገር መግባቱ የታወቀው የአሜሪካ መጤ ተምች በሞቃት አየር እንቁላሉ በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉ አድጎ በበቆሎው ወይም በማሽላው እምብርት ውስጥ ከተሸሸገ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች የደረሰ ሰብል ላይ ሲያርፍ የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ያየ አይረሳውም።

ስማርት ሰዓት ለሚያስሩ

በከተማው ወጣቶች ክንድ ላይ እየታየ ያለው ስማርት ሰዓት በአብዛኛው የራሱ ሲም የለውም። የሚያሳየው ስልኩ የተቀበለውን ብቻ ነው፤ ስልኩ ላይ ያልደረሰ መልእክት ሰዓቱ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ምርመራው ሁልጊዜ ከስልኩ ይጀምራል።

ስልኩ ተቀብሎ ሰዓቱ ዝም ካለ በቅድሚያ ርቀቱ ይታያል። ሁለቱን የሚያገናኘው ብሉቱዝ በተለመደው አጠቃቀም የሚደርሰው 10 ሜትር ገደማ ነው፤ ግድግዳ ሲኖር ያጥራል። ስልኩን በሱቁ ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቶ መንገድ የተሻገረ ሰው ሰዓቱን መውቀስ የለበትም።

በጣም የተለመደው ስሕተት ግን አሠሣሠሩ ላይ ነው። ገዥው የስልኩን የብሉቱዝ ዝርዝር ከፍቶ ሰዓቱን ያገናኝና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እንዲህ የተገናኘ ሰዓት ጥሪ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ መልእክት ግን አያሳይም። ሰዓቱ የራሱ መተግበሪያ አለው፤ ስሙ በማሸጊያው ወይም በመመሪያው ላይ ይጻፋል። ግንኙነቱ በዚያ መተግበሪያ በኩል መፈጸም አለበት። ከዚያም በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ መተግበሪያው ማሳወቂያዎችን እንዲያነብ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ በመተግበሪያው ውስጥም የአጭር መልእክት፣ የቴሌግራምና የባንኩ ማሳወቂያ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ከላይ የተነገረው ባትሪ ቆጣቢ ይህንንም መተግበሪያ ይዘጋዋልና ገደቡ ይነሣለት። የሰዓቱ የራሱ «አትረብሽ» ወይም የእንቅልፍ ሁነታ መዘጋቱም ይታይ።

አፕል ሰዓት ያላቸው አንድ ነገር ይለይባቸዋል፦ አይፎኑ ተከፍቶ በእጅ ላይ እያለ ማሳወቂያው በስልኩ ላይ ብቻ ይታያል፤ ወደ ሰዓቱ የሚሄደው ስልኩ ሲቆለፍና ሰዓቱ በክንድ ላይ ሲሆን ነው። ይህ ብልሽት አይደለም።

የፊደሉ ችግር በሰዓት ላይ ከስልክ ይልቅ ይከፋል። ብዙዎቹ ርካሽ ሰዓቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይበራሉ፣ የሚያሳዩት ግን ባዶ ሣጥን ነው። ይህ በሴቲንግ አይስተካከልም፤ አምራቹ ፊደሉን ካልጨመረ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ሰዓት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ፊት ከስልኩ ጋር አገናኝቶ፣ ጓደኛው አንድ የአማርኛ መልእክት እንዲልክለት ቢያደርግ በሱቁ ውስጥ እንዳለ ያውቀዋል።