ስለ ጦር ሜዳ አምሳል፤ ከዋተርሎ እስከ ቡሬ

የታሪክ ጸሐፊ ጦርነትን በቃል ሲተርክ ያላወቀውን ነገር ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። «ብዙ ሠራዊት ተሰለፈ፤ ጽኑ ውጊያም ሆነ» ብሎ ቢጽፍ የሚጠይቀው የለም። የጦር ሜዳን አምሳል በጠረጴዛ ላይ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም፤ እያንዳንዱን ወታደር በአንድ ስፍራ ማቆም ግድ ይሆንበታልና። ከወንዙ ወዲህ ነበረን ወይስ ወዲያ? እህሉስ ቆሞ ነበርን ወይስ ታጭዶ?

ይህን ድካም የዊልያም ሳይቦርን ታሪክ ያስረዳል። ናፖሌዎን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1815 በዋተርሎ ድል ከተመታ ከ15 ዓመት በኋላ፥ ይህ የእንግሊዝ መቶ አለቃ የውጊያውን አምሳል እንዲሠራ ታዘዘ። በሜዳው ባለ የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ ምድሩን ለካ። በሕይወት ለተረፉት መኰንኖችም ደብዳቤ እየላከ፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ክፍላቸው የት እንደ ነበረ፥ በፊታቸውም ምን አዝመራ እንደ ነበረ ጠየቀ። በብዙ መቶ የሚቈጠር መልስ ደረሰው። መንግሥት ገንዘቡን ቢያቋርጥበትም በራሱ ዕዳ ፈጽሞ በ1838 በለንደን አሳየው፤ ከ70,000 የሚበልጡ ጥቃቅን ወታደሮች ነበሩበት።

ነገር ግን መልሶቹን ሲያስተያይ የፕሩስያ ጦር ለድሉ ያደረገው ርዳታ እንግሊዞች ከወደዱት ይልቅ ገዝፎ ታየ። የዌሊንግቶን መስፍን ወገኖች ቅር ተሰኙ፤ ሳይቦርንም በመጨረሻ ከፕሩስያ ወታደሮች ብዙዎቹን ከአምሳሉ አነሣ። ምድሩን በገመድ የለካ ሰው ፊት አይቶ አደላ።

የሀገራችን ሠዓሊዎች ልማድ ሌላ ነው። የዓድዋን ጦርነት ሲሥሉ የወገንን ፊት በሙሉ፥ የጠላትን ፊት በጐን ያደርጋሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስንም ከሰልፉ በላይ ያሳያሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፥ ፍርድ ነው እንጂ። በቅኔ አነጋገር ሰሙ ሰልፉ፥ ወርቁ ፍርዱ ነው። አምሳል ሠሪ ግን አስቀድሞ ሰሙን ካላጠራ ወርቁ አይወጣለትም።

ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለው መንገድ በ1933 ዓ.ም. ያየው ውጊያ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተገባ ነው። በየካቲት መጨረሻ በኮሎኔል ዊንጌት የሚታዘዘው፥ ስሙንም ከመጽሐፈ መሳፍንቱ ጌዴዎን የወሰደው ጥቂት ጦር የቡሬንና የማንኩሳን ምሽግ አስጨነቀ። የኢጣልያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ብዙ ሠራዊት የመጣበት መስሎት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ሸሸ። የካቲት 27 ቀንም በደምበጫ አጠገብ፥ በኬንያ ከነበሩ ስደተኞች የተመለመለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በመንገዱ ላይ ተገኝቶ ከዚያ ሁሉ ሠራዊት ጋራ ተጋጠመ፤ ብዙ ሰውም ወደቀበት።

ይህን የሚሠራ ሰው ወሩ የካቲት መሆኑን ያስብ። ጤፉ ታጭዷል፥ ሣሩ ደርቋል፥ ወንዙ ቀጥኗል፤ ሜዳውን አረንጓዴ የቀባ እንደ ሆነ በጋውን ክረምት አደረገው። ከሱዳን ጭነት አምጥተው በመንገድ ያለቁትን ግመሎች፥ የሱዳን ወታደሮችንና የጎጃምን አርበኞች አይርሳ። ከሁሉ የሚከብደው ግን በጠላት ወገን የቆመው ያገር ሰው ነው። ባንዳውን በጐን ፊት መሣል ለሠዓሊ ይቻለዋል፤ በአምሳሉ ላይ ግን እርሱም በነበረበት ስፍራ በሙሉ ፊቱ ሊቆም ይገባል። እርሱ ከተነሣ የፕሩስያ ወታደሮች ዕጣ ይደርሰዋል፤ አርበኛውም ከወንድሙ ጋራ እስከ መዋጋት የደረሰ መከራ እንደ ተቀበለ ሳይታወቅ ይቀራል።

ናታሌ የሸሸበት መንገድ ቀድሞ ዎጀት በምትባለው ስፍራ ያልፋል፤ ዛሬ ስሟ ፍኖተ ሰላም ነው። የጦር መንገድ የሰላም መንገድ መባሉ መልካም ነው፤ ስሙ እንዲጸና ግን በዚያ ያለፉት ሁሉ በየስፍራቸው ሊቈጠሩ ይገባል።