ሦስት ሰዓት ላይ ምን ሆነ?

«ሲስተም የለም» የሚለውን ሰው ሁሉ የሚሰማው ከመስኮቱ ወዲህ ተሰልፎ ነው። እኔ የሰማሁት ከመስኮቱ ወዲያ፣ ከኋላ ካለችው ቀዝቃዛ ክፍል ሆኜ ነው። በ1992 ዓ.ም. ባንክ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስቀጠር፣ ሰርቨሮቹ ካሉበት ክፍል በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም መዝገብ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ መስመር ሲቋረጥ ሰዓቱንና የሆነውን ጽፎ መፈረም፤ ሲነጋ መዝገቡን ለቀን ተረኛ ማስረከብ። ሥራው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ «ባለፉት ሦስት ወራት መስመሩ ስንት ጊዜ ተቋረጠ? በየትኛው ሰዓትስ ይብሳል?» አሉኝ። መልሱ መዝገቡ ውስጥ አለ። ግን መዝገቡን ስንጽፍ ይህ ጥያቄ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንዱ «መስመር ጠፋ»፣ ሌላው «ኔትወርክ የለም»፣ ሦስተኛው «ደሴ አይመልስም» ብሎ ጽፏል። «እንደ ትናንቱ» ብሎ የፈረመም አለ፤ ፊርማው የኔ ስለሆነ ብዙ አልናገርም። ባዶ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ዓምድ ሠርቼ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ጭረት እየጫርኩ፣ አምስት ሲሞላ በሰያፍ እየሰረዝኩ ቆጠርኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ጭረቱ በዝቶ ሲያዩ ጋሼ «የክረምት ዝናብ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

ያን የሁለት ሌሊት ሥራ ዛሬ ኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ የተጻፈች፣ ስድስት መስመር የማትሞላ ጥያቄ በሴኮንዶች ትጨርሰዋለች። በኋላ የሙያውን ታሪክ ማንበብ ስጀምር የገረመኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። መዝገቡና መጠየቂያው ቋንቋ ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ሰፈር ኖረው ሳይተዋወቁ መቆየታቸው ነው።

በሙያው ቋንቋ መዝገቡ ሎግ ይባላል፤ የቃሉ መነሻ እንጨት ነው። የእንግሊዝ መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለማወቅ፣ በየርቀቱ የተቋጠረ ገመድ የታሰረበት ቁራጭ እንጨት ከኋላ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር። 28 ሴኮንድ የሚቆጥር የአሸዋ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ስንት ቋጠሮ እንደተተረተረ ቆጥረው በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። የእንጨቱ ስም ወደ መዝገቡ ዞረ። የኮምፒውተር ሰዎችም ልማዱን ከነስሙ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ማርክ ሁለት የተባለው ማሽን እክል ገጠመው። ተረኞቹ ሲፈትሹ በ70ኛው ሪሌይ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አገኙ፤ በማጣበቂያ መዝገቡ ላይ ለጠፏት፣ ሰዓቱንም ጻፉ። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡45 መሆኑ ነው። ገጹ ከነእሳት እራቷ ዛሬ በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። እኔ ያችን ገጽ በፎቶ ሳይ መጀመሪያ የታየኝ ነፍሳቷ ሳትሆን የተረኛው የእጅ ጽሑፍ ነው። የኛው መዝገብ ነው።

ቋንቋው ከሌላ ቤት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ የሚሠራው እንግሊዛዊ ኤድጋር ኮድ፣ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር እንጂ እንዴት እንደሚገኝ መንገዱን አይምራ የሚል ጽሑፍ አወጣ። የኮድ ሐሳብ በሒሳብ ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር ተራ ሰው አይደፍረውም። ዶናልድ ቼምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ሲክወል ብለው የሰየሙትን ቋንቋ ይዘው ቀረቡ። ዓላማቸው ፕሮግራም መጻፍ ያልተማረ ሰው እንዲጠይቅበት ነበር። ቦይስ በዚያው ዓመት ገና በወጣትነቱ በድንገት አረፈ። ስሙንም አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ቀድሞ አስመዝግቦት ስለነበር አናባቢዎቹ ወጥተው ኤስኪውኤል ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚነገር ነገር አለና። ቼምበርሊንና ቦይስ ቋንቋውን እንደ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አበጁት፤ ግሡ ይቀድማል። ሰሌክት ብለህ የምትፈልገውን ትዘረዝራለህ፣ ፍሮም ብለህ ከየት እንደሆነ ትናገራለህ፣ ዌር ብለህ ታጣራለህ፣ ግሩፕ ባይ ብለህ ትመድባለህ። ለጀማሪ ልጆች ሳስተምር ሁልጊዜ የሚደናቀፉት እዚህ ነው። ማሽኑ ሲያስብ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ፍሮም፣ ቀጥሎ ዌር፣ ቀጥሎ ግሩፕ ባይ፣ ሰሌክት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። እስቲ በአማርኛ እንበለው፦ «ከመዝገቡ፣ ስህተት የሆኑትን፣ በየሰዓቱ መድበህ፣ ቆጥረህ አሳየኝ።» ግሡ መጨረሻ፤ ልክ እንደ ማሽኑ። በ2024 የጉግል መሐንዲሶች ፍሮም ቀድሞ ሌላው በተርታ የሚከተልበትን አጻጻፍ ሲያወጡ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ለኛ አዲስ አልነበረማ።

ያም ሆነ ይህ፣ ኤስኪውኤል የተሠራው ቀድሞ ለተበጀ ሠንጠረዥ ነው፦ ሠራተኛ፣ ደመወዝ፣ የዕቃ ዓይነት። ዓምዱ ይታወቃል፣ ከዚያ ይሞላል። ሎግ ደግሞ ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሰዎች ንብረት ነበር። በበርክሌይ ኤሪክ ኦልማን ለኢሜይል ማመላለሻው ለሴንድሜይል ብሎ በ1980ዎቹ ሲስሎግን ጻፈ፤ ክብደቱን ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ የሚለይ ቀላል መልእክት። ሌሎች ፕሮግራሞችም ተቀበሉት። ሥርዓቱን በወረቀት ለማስፈር የተሞከረው ግን በ2001 ነው፤ እስከዚያ ሁሉም በየፊናው ይጽፍ ነበር። መፈለጊያው የቤል ላብስ ኬን ቶምፕሰን የሠራው ግሬፕ ነው። ግሬፕ ቃሉ ያለበትን መስመር አውጥቶ ያሳይሃል። «በየሰዓቱ ስንት?» ስትለው ግን ያለ ረዳት አይመልስልህም።

ሎግንና ኤስኪውኤልን ካስታረቁ ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ በብዙዎች ዘንድ ተረስቷል። በማይክሮሶፍት ጋብሪዬሌ ጁሴፒኒ የሠራው ሎግ ፓርሰር የድር ሰርቨራቸውን የሎግ አጻጻፍ ለመፈተሽ የተነሣ የውስጥ መገልገያ ነበር። በ2005 ሁለት ነጥብ ሁለተኛው እትሙ በነፃ ወጣ። ከፍሮም ቀጥሎ የሠንጠረዥ ስም ሳይሆን የሎግ ፋይሉን ስም ትጽፋለህ፤ በቃ። ዳታቤዝ የለም፣ ጫን አውርድ የለም። ያወረድኩት ምሽት የድሮውን የጋሼን ጥያቄ በአንድ ወር የሰርቨር ሎግ ላይ ሞከርኩት። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ። ዓምዱን የምሠራው ስጽፍ ሳይሆን ስጠይቅ መሆኑ፣ በማስመሪያ ያደረግሁት ያው ነገር መሆኑ፣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በትልልቆቹ ቤት ጉዳዩ ሌላ መጠን ነበረው። ጉግል በ2004 ማፕሪዲዩስን ሲያስተዋውቅ ሥራውን ለብዙ ሺህ ማሽን ማከፋፈል ተቻለ፤ ለአንዲት ጥያቄ ግን ፕሮግራም መጻፍ ግድ ነበር። ፌስቡክ ውስጥ ይህ ስላስቸገረ ሃይቭን ሠሩ፤ በ2008 ለሕዝብ የተለቀቀው ሃይቭ በኤስኪውኤል አምሳል የተጻፈን ጥያቄ ራሱ ወደ ማፕሪዲዩስ ሥራ ይለውጥ ነበር። መልሱ ግን ሻይ ጠጥተህ ስትመለስም ላይደርስ ይችል ነበር። ጉግል ከ2006 ጀምሮ በውስጥ ሲጠቀምበት የቆየውን ድሬመል በ2010 በጽሑፍ አወጣ፤ ትሪሊዮን ረድፍ ያለውን ሠንጠረዥ በሴኮንዶች ደምሮ ይመልሳል። ምሥጢሩ ከረድፍ ይልቅ በዓምድ ማስቀመጡ ነው። ሰዓቱን ብቻ የምትፈልግ ከሆነ የመዝገቡን ገጽ ሁሉ ምን አስነበበህ? የሰዓቱን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች ታነብባለህ። ቢግክዌሪ የዚህ ልጅ ነው።

ክላውዱ ደግሞ መዝገቡን ራሱን ከቤት አስወጣው። ድሮ ሰርቨሩ ቢሞትም ዲስኩን ነቅለህ ታነብባለህ። አሁን ማሽኑ ለአሥር ደቂቃ ተፈጥሮ ይጠፋል፤ ሎጉን ቀድሞ ካላስወጣ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ሁሉም አማዞን በ2006 እንደከፈተው ኤስሥሪ ባለ ርካሽ ማከማቻ ውስጥ ይከመራል። በ2016 መጨረሻ አማዞን አቴና የተባለውን አገልግሎት ሲያመጣ ያንን ክምር እዚያው ባለበት በኤስኪውኤል መጠየቅ ተቻለ፤ ዋጋው ለሚነበበው አንድ ቴራባይት 5 ዶላር። ጥያቄ በኪሎ የሚሸጥበት ዘመን መጣ። አንድ ባልደረባዬ የቀኑን ገደብ ረስቶ የሦስት ዓመት ሎግ በሙሉ አስነብቦ ነበር፤ የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገም።

የኛም መዝገብ ዛሬ ክላውድ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ የላክሁት ገንዘብ አልደረሰም» አሉ። ስልኩን ያነሣው ወጣት ዌር ብሎ 03፡00 አስገባ። ባዶ። እኔ ከኋላው ቆሜ «የጠዋት ነው የማታ ብለህ ጠይቃቸው» አልኩት። የጠዋት። 09፡00 አደረገው። አሁንም ባዶ። ክላውዱ የሚጽፈው በዩቲሲ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ የእናታችን ሦስት ሰዓት በስልኩ ዘጠኝ፣ በሎጉ ስድስት ነው። ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ሰው «ሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት» ሲል ስልኩ ማክሰኞ ይላል፣ ሎጉ ግን ሰኞ ሃያ ሁለት ሰዓት ብሎ ከሰውየው ጋር ይስማማል።

06፡00 ሲባል የሰዓቱ ሎግ ተዘረገፈ። በስም እንፈልግ ብለን «ኃይሌ» ብንል አንድም የለም። «ሀይሌ» ብንል የለም። «ሃይሌ» ስንል ወጣ። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለማሽኑ ሦስት የተለያየ ፊደል። ገንዘቡ 06፡02 ላይ ወጥቶ፣ ተቀባዩ ባንክ ሳይመልስ ጊዜ አልፎበት፣ ወደ ላኪዋ ሂሳብ ተመልሷል።

ወጣቱ ስልኩን ሰጠኝ። «እማማ፣ ገንዘብዎ አልጠፋም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ወጥቶ ወደ እርስዎ ተመልሷል» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አሉ። «ሦስት ሰዓት አላልኩም?»